ለምኞትህ ሳይሆን ለእግርህ ግዛ

ቡሬ ላይ በረዶ ማለት ሰብል የሚመታው ነው። ዴንቨር ያለው የአጎቴ ልጅ ግን ሮኪ ተራሮች ላይ መንሸራተት ከጀመረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ሰሞኑን ደውሎ «ኤክስፐርቶቹ የሚይዙትን ሸርተቴ ልገዛ ነው» አለኝ።

እኔ አልስማማም። የኤክስፐርት ሸርተቴ ግትር ነው፤ ፍጥነትና ጉልበት ካላገኘ አይታዘዝም። የጀማሪው ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። እየተሻሻለ ላለ ሰው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ ከጫማው ሥር ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ ሲቆም በአገጭና በግንባር መካከል የሚደርስ ይበቃዋል። መጀመሪያ ግን ልክ የሆነ ጫማ! ሸርተቴውንም ሁለት ሦስት ዓይነት ተከራይቶ ይሞክር፤ ኪራዩ ኪሳራ ሳይሆን የመረጃ ዋጋ ነው።

በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቱሪን ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወካያችን ሮቤል ተክለማርያም እንኳ አዲስ አበባ ላይ ሲለማመድ ጎማ ያለው ሸርተቴ ነበር የሚጠቀመው። ዕቃውን ከመሬቱ ጋር አስማማ እንጂ አስፋልት ላይ በረዶ አልጠበቀም። የእኛ አገር ገበሬስ ቢሆን ገና የሚለማመድን ወይፈን መች ከባድ መሬት ላይ ያስገባል?

ወንድሜ፣ ለታይታ ገዝተህ ጉልበትህ ቢሰበር፣ ፍኖተ ሰላም ሆና እጅህን የምታይ እናትም አለችህ።