ሴት ልጅ ገላዋን ትወቅ

የቤት እመቤት የጓዳዋን ነገር ታውቃለች። ሊጡ መቼ እንደሚቦካ፣ የጠላው ጥንስስ መቼ እንደሚደርስ፣ የልጇ ትኩሳት የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን ማንም ሳይነግራት ትረዳለች። ይህችው ብልኅ ሴት ግን ስለ ገዛ ገላዋ ስትጠየቅ ዐይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። የሚሰማትን ሕመም በስሙ ለመጥራት ታፍራለች፤ በስሙ ያልተጠራን ሕመም ደግሞ ለሐኪም ማስረዳት ያስቸግራል። በዚህ ወር ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመክርበት የወደድነው ይህን ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ ሥራ የያዘች አንዲት ልጃገረድ በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ በስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው የሚውሉ እንደ እርሷ ያሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የወር አበባዋ ሲመጣ ዐሥር ቀን ይቆያል፤ ያዞራታል፤ ልብሷን እንዳያበላሽባት ስትሳቀቅ ትውላለች። እሑድ ደሴ ወጥታ ለእናቷ ብትነግራት፣ «እኛም እንዲሁ ነው ያሳለፍነው፤ ሴትነት ነው፤ ቻይው» የሚል መልስ ታገኛለች። እናቲቱ ክፉ ሆና አይደለም፤ እርሷም ከእናቷ የሰማችው ይህንኑ ነው። ምናልባትም ካረጠች ከሁለት ዓመት በኋላ ደም ተመልሶባት፣ ለማንም ሳትተነፍስ የኖረች ትሆናለች። ሁለቱም ገላቸው የነገራቸውን ሰምተዋል፤ ነገር ግን አላመኑትም።

እንዲህ ያለው ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ በአገራችን የታወቀ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ርዳታ ሲዘገይ፣ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ እየተጫነ ያቈስለዋል፤ ከዚያም ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ይፈሳል። ይህም ፊስቱላ ይባላል። ብዙ እኅቶች እርግማን መስሏቸው ለዓመታት ከሰው ተለይተው ኖረዋል። በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እጅግ ብዙ ሴቶችን በቀዶ ሕክምና አዳኑ። ከታከሙት አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፣ በሕክምና ትምህርት ቤት ሳያልፉ ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው ሥራውን በመማር፣ እንደ እርሳቸው የታመሙትን ሴቶች በቀዶ ሕክምና እስከ መፈወስ ደረሱ። የተደበቀ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር። አባቶቻችንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ።

እንግዲህ ማወቅ ከወዴት ይጀመር? ከመቍጠር ይጀመር። ቈጠራ ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ ወሩን በ12 በሚካኤል፣ በ21 በእመቤታችን፣ በ27 በመድኃኔ ዓለም እንለካዋለን። ወራችን 30 ቀን መሆኑም ሒሳቡን ያቀልለዋል። በኅዳር ሚካኤል የወር አበባዋ የጀመራት ሴት፣ የሚቀጥለው ታኅሣሥ 10 ቢመጣ 28 ቀን ሆነ ማለት ነው። በአዋቂ ሴት ዘንድ ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው የተለመደ ነው፤ በልጃገረዶች ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢዘበራረቅ አያስደንቅም። ለጥቂት ወራት በደብተር ብትጽፈው የራሷን ልክ ትረዳለች፤ ልኳን የተረዳች ሴት ከልክ ያለፈውን ለመለየት አይቸግራትም።

ከ8 ቀን የሚያልፍ ደም፣ በየሰዓቱ ሞዴስ ወይም ጨርቅ የሚያስለውጥ ብዛት፣ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ካረጡ በኋላ የተመለሰ ደም ጥቂትም ቢሆን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና። በእርግዝና ጊዜም ደም መታየቱ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የፊት ማበጥ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ያን ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ናቸው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ እናቶች ምንም ባይሰማቸው እንኳ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ያድርጉ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባትም ይህንኑ በሽታ ለመከላከል ነው።

ደም የሚበዛባት ሴት ደሟ ያንሳል፤ ድካሟም ስንፍና አይደለም። በጾም ወራት ምስርና ጎመን ከሎሚ ጋር ይሰጣት፤ ቡናውም ከምግብ ጋር ከሚሆን ጥቂት ይቈይላት። መጾም የሚያዳግታት ከሆነ የንስሐ አባቷን ታማክር።

በወር አበባ ጊዜ ከቅዳሴ መቅረት በሥርዐት የቈየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሴት በገላዋ እንድታፍር የተሰጠ ፍርድ አይደለም። በወንጌል የተነገረላትን፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት እናስታውስ። መዳኗን በገላዋ ዐወቀች፤ ጌታም ስለ ደፈረች አልገሠጻትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ደኅና አይደለሁም ስትል «ቻይው» ከማለታችሁ በፊት «ከመቼ ጀምሮ?» ብላችሁ ጠይቋት። ባሎችም ለሕክምና የሚሆነውን ገንዘብና ጊዜ ሳይለመኑ ይስጡ። ያቺ የደሴ እናት ከልጇ ጋር አብራ ወደ ሐኪም ብትሄድ፣ የልጇን ከተናገረች በኋላ የራሷንም ለመናገር አፏ ይፈታ ይሆናል።