የሰፈራችን ቡድን ከክረምት በኋላ የት ይገባል?

ዛሬ ስለ ሰፈር ኳስ ያለኝን ሐሳብ ላካፍላችሁ ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ክረምት ሲመጣ በየሰፈሩ ውድድር ይጀመራል። ቡድን ይቋቋማል፣ ስም ይወጣል፣ ማሊያ ይገዛል። መስከረም ሲጠባ ግን ቡድኑ የለም! ማሊያው አንዱ ቤት ይቀራል፣ ኳሱ ይፈነዳል፣ በቃ። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በእኔ አስተያየት የሚያስፈልገን ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የሰፈር ክለብ ነው።

«ክለብ እኮ ብዙ ብር ይፈልጋል» የሚሉ ልጆች አሉ። እስቲ ቅዱስ ጊዮርጊስን እንይ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ አራዳ ላይ ሲመሠረት የወጣቶች ቡድን ነበር። እነ ይድነቃቸው ተሰማና መንግሥቱ ወርቁ የተጫወቱት እዚያ ነው። በ1954 ዓ.ም. አገራችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ይድነቃቸው አሠልጣኝ ነበሩ፣ መንግሥቱ ደግሞ ጎል አስቆጥሯል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የተጫዋቾች ስምና የገንዘብ ሂሳብ የሚጻፍበት ደብተር። ሁለተኛ፣ መዋጮ። 20 ልጆች በሳምንት 5 ብር ቢያዋጡ 100 ብር ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ሦስተኛ፣ ከሰፈሩ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች መካከል ቋሚ አሠልጣኝ። አራተኛ፣ ሴቶች ይግቡ። እስካሁን ሴቶችን የምንጠራቸው ኳስ አጥር ሲዘል እንዲያመጡልን ነው። ሎዛ አበራ ግን ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች።

ትልቁ ችግር ሜዳ ነው። የምንጫወትበት ባዶ ቦታ ታጥሮ ግንባታ ተጀምሮበታል። አሁን ትንንሾቹ ልጆች የሚጫወቱት አስፋልት ዳር ነው። ኳስ ተከትለው ሲሮጡ መኪና እንዳይገጫቸው በጣም እፈራለሁ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቆልፎ ይውላል!

«መስታወት ይሰበራል፣ ጥናት ይረሳል» የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፣ ስጋቱም ልክ ነው። ስለዚህ መስታወት ከተሰበረ ከመዋጮው ይከፈል። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ የዚያን ቅዳሜ አይሰለፍ። እንዲያውም ኳስ ለመጫወት ሲል የሚያጠና ልጅ ይበዛል።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ሜዳውን ብትፈቅዱልን፣ ደብተሩን ይዘን እንመጣለን። ተማሪዎች ደግሞ ከየሰፈራችሁ አሁኑኑ ስም መመዝገብ ጀምሩ። ክረምትን አንጠብቅ።

ቸር ሰንብቱ!