ሞንታርቦው ጮኸ፣ ቃሉ ጠፋ

እጃጂ ከጌዶ አልፎ ወደ ባኮና ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። እንደ አምቦ፣ እንደ ጉደርና እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሁሉ፣ ብዙ ጉዳይ ለሕዝብ የሚደርሰው በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮ ነው። የክትባት ቀን፣ የማዳበሪያ ወረፋ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የመኪና ተራ፤ ይህ ሁሉ በማይክ ይነገራል።

ሰሚው ዘንድ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ጉርምርምታ ነው። ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። ሰው እርስ በርሱ "ምን አለ?" ይባባላል። የሚሰጠው መፍትሔም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ድምፁን ጨምረው!" ሲጨመር ጉርምርምታው አብሮ ይጨምራል። ችግሩ የድምፅ ማነስ ሳይሆን የቤዝ መብዛት ነውና።

የሰው ድምፅ ጉልበቱ ታች፣ ትርጉሙ ላይ ነው። የወንድ ድምፅ መሠረት ብዙውን ጊዜ ከ200 ኸርዝ በታች ነው። አንዱን ቃል ከሌላው የሚለዩልን እንደ ሰ፣ ተ፣ ጠ፣ ከ፣ ቀ ያሉት ድምፆች ግን ዋና ምልክታቸው ከ1,000 ኸርዝ በላይ ነው። የድሮው የቤት ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር። ቤዙ ተቆርጦም እናት የልጇን ድምፅ ገና "ሃሎ" ሲል ትለየው ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ ቋንቋዎች ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ "መታ"ን ከ"መጣ"፣ "ተራ"ን ከ"ጠራ" የሚለየው አንዲት ቅጽበታዊ ፍንዳታ ናት። በኦሮምኛም "ከራ" መንገድ ሲሆን "ቀራ" ስለታም ማለት ነው። ቤዙ ያችን ፍንዳታ ሲውጣት "ሰውየው መጣ" የተባለው "ሰውየው መታ" ሊመስል ይችላል። ኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው በአማርኛ የተነገረውን፣ አማርኛ አፉን የፈታም በኦሮምኛ የተነገረውን በሚያዳምጥበት ከተማ፣ የጎደለችውን ፊደል በግምት መሙላት ለሁሉም እኩል አይቀልም።

በሽታው የሞንታርቦ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲቢ በሚባል ሬዲዮ ይነጋገራሉ፤ እዚያ ጭነት የሚነዱ ኢትዮጵያውያንም ያውቁታል። 27 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ 40 ቻናል ያለው፣ በኤኤም የሚፈቀድለት ኃይል 4 ዋት ብቻ የሆነ ዕቃ ነው። በዚህች ጥቂት ጉልበት ላይ ቤዝ ሲጫንባት፣ ኃይሉ ጉርምርምታ በመሸከም ያልቃል፤ ቃሉ ከመንገዱ ጫጫታ አይወጣም። ስለዚህ ነገሩ የገባው ሾፌር ማይኩን ከአፉ ትንሽ ያርቃል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ የማይኩን ቀዳዳዎች በመዳፉ አይሸፍንም። ይህ ካልበቃ ባለሙያው በማይኩ መስመር ላይ አነስተኛ ካፓሲተር አስገብቶ ቤዙን ያስቀርለታል። ማንም "ድምፄ ቀጠነ" ብሎ አያኮርፍም፤ የሚፈልገው መሰማትን ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጎርናና ድምፅ የሥልጣን ምልክት ተደርጎ ይታያል። ማይክ የጨበጠ ሰው ከንፈሩ ላይ ይለጥፈዋል። በየመድረኩ የምናያቸው አብዛኞቹ ማይኮች ደግሞ አፍ በጣም ሲቀርባቸው ቤዝን አጋንነው የሚያወጡ ናቸው። በዚያ ላይ ያው ሞንታርቦ ትናንት ሠርግ ቤት ከርሞ ሊሆን ይችላል። ለዘፈን ተብሎ የተጠመዘዘውን ቤዝ ማንም ሳይመልሰው ዛሬ የማዳበሪያ ማስታወቂያ ይነገርበታል። ቤዝ ለዘፈን ያምራል፤ ለማስታወቂያ ግን ጠላት ነው።

"ቤዝ የሌለው ድምፅ አይማርክም" የሚል ካለ፣ ደምሴ ዳምጤን ያስታውስ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ የእሱ ድምፅ የሕዝብ ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ዘመን ሰው ኳስ የሚከታተልበት ትንሽ ባለባትሪ ራዲዮ ቤዝ የማውጣት አቅም አልነበረውም። ስሜቱ ግን ከነቃሉ ደርሷል።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ሁሉ የቤዝ አይደለም። ያረጀ ማጉያ አለ፣ የተበጠሰ ገመድ አለ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። የሚያስተጋባ አዳራሽ ግን ቤዝ መቀነስን ይበልጥ ይጠይቃል፤ ታችኛው ድምፅ ቶሎ አይሞትምና በሚቀጥለው ቃል ላይ ይነባበራል።

ማስተካከያው አዲስ በጀት አያስፈልገውም። ማይኩን ከአፍ አራት ጣት ያህል ማራቅ። እጀታውን እንጂ ወንፊቱን አለመጨበጥ። ሚክሰሩ ላይ ሎው ከት የሚባል ቁልፍ ካለ መጫን፤ ከሌለ የቤዙን ቁልፍ ወደ ግራ መመለስ። ሞንታርቦውን ከግድግዳ ጥግና ከመሬት አንስቶ ከሰው ራስ በላይ ማቆም። ይኸው ነው።

ይህን የማድረግ ግዴታ ማይክ የያዘው ሰው ነው። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ገበሬ የወረፋውን ቀን ሳይለይ ከተመለሰ፣ ማስታወቂያው እንደተነገረ ተቆጥሮ "ነግረናችሁ ነበር" ሊባል አይገባም። ያልተሰማ ማስታወቂያ አልተነገረም። እንግዲህ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት የሚባለው "ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ቼክ" ይቅርና አንድ ሰው ከኋላ ረድፍ ይቁም። ከመድረኩ "ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰባት፣ መታ፣ መጣ" ይነበብለት። የሰማውን ጮክ ብሎ ይመልስ። አንዱን እንኳ ከሳተ ቤዙ ይቀነስ፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይጀመር። ከሕዝቡ መካከል እጁን አውጥቶ "ቤዙን ቀንሱልን" የሚል ሰውም እንደ ረባሽ አይታይ፤ የጠየቀው መብቱን ነው።