ካሜራ ለመግዛት ዕዳ ከመግባታችሁ በፊት

«ካሜራ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። ቁጥሩ ከፖለቲካው ጥያቄ ብዙም አይተናነስም። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው። አንዱ የዕቁብ ዕጣው ሊወጣለት ነው፤ ሌላዋ ውጭ ያለች እህቷ ልትልክላት ቃል ገብታለች፤ ሌላው ደግሞ ከሰርግ ቀረጻ ይገኛል ያለውን ገቢ አስልቶ ሊበደር ተነስቷል። ሁሉም የሚጠይቁኝ የካሜራውን ስምና ቁጥር ነው። ስለ ሌንስ፣ ስለ ብርሃን፣ ፎቶው ስለሚቀመጥበት ዲስክ የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የኔ አቋም ይኸው፦ ገንዘባችን የሚፈሰው ካሜራው ላይ ነው፤ ሥራችን የሚበላሸው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ዛሬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ካሜራ እኛ አገር አይሠራም፤ ከዱባይም መጣ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ፣ ዋጋው የተቆረጠው በዶላር ነው። የሙሽራው አባት ግን ዶላር ጨመረ ብሎ እጥፍ አይከፍልም። ዱሮ የተሳሳተ ዕቃ የገዛ ሰው ትንሽ ተበሳጭቶ ያልፈው ነበር። ዛሬ ግን የሁለትና የሦስት ዓመት ዕዳ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ሜጋፒክስል የሚባለውን ወሬ እናስወግድ። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው። በኢንች 300 ነጥብ፣ ማለትም በጥሩ የኅትመት ጥራት፣ ወደ 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ይታተማል። ሳሎን የሚሰቀለው ከዚህ ቢሰፋም ሰው ራቅ ብሎ ስለሚያየው አይታወቅም። 4ኬ የሚባለው ቴሌቪዥን እንኳ የሚያሳየው 8 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። 45 ሜጋፒክስል የሚያነሳ ካሜራ ለአብዛኞቻችን ትርፉ ቶሎ የሚሞላ ዲስክና የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ግዙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ወይም በ2014 የወጣው ኒኮን ዲ750 ዛሬም የሰርግ አልበም በኩራት ይሞላል። አዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ዓይንን ተከትለው ፎከስ ማድረጋቸውና ቪዲዮ ላይ መብለጣቸው እውነት ነው፤ ዋና ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ ክርክሬን አላበዛም። ለፎቶ ግን አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ካሜራው ሁለት ሜሞሪ ካርድ ይይዛል ወይ? ካኖን 6ዲ ለምሳሌ ፎቶው ድንቅ ነው፤ ግን የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ነው። ከላይ የጠራኋቸው ሁለቱ ግን ሁለት ሁለት ይይዛሉ፤ እያንዳንዱን ፎቶ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ላይ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ሰርግ አይደገምም። ካርዱ ተበላሽቶ «ፎቶው ጠፋ» ብሎ ለሙሽራ እናት መንገር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያገለገለ ሲገዛ የሚታየው ብዙ አይደለም። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቁ። የ5ዲ ማርክ 3 ሻተር ለ150,000 ያህል የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይም ሊሄድ ይችላል፤ ግን 140,000 ያነሳውን «ብዙም አልተነካም» ሲሏችሁ ዋጋውን አስቀንሱ። ሌንሱን አውልቃችሁ በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታያችሁ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን እርጥብ ቦርሳ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው፤ ተዉት። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ፤ የሚታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ናቸው። ይጸዳል፤ ቢሆንም ለድርድር ይጠቅማል። የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያነሳችሁትን ኮምፒውተር ላይ ሳታዩ አትክፈሉ።

ከዚህ የተረፈውን ገንዘብ ሌንስ ላይ አውሉት። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሌንስ ወደ ፊት ሲሳብ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይቀራል። ከሌንሶች ሁሉ ርካሹ የሚባለው ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ደግሞ ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ማታ አዳራሽ ውስጥ፣ መብራቱ በሚቆራረጥ ቤት ውስጥ፣ ቡና በሚፈላበት ጥግ ልዩነቱን የሚያመጣው እሱ ነው። ሌንስ ደግሞ ይከርማል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው የሌንስ መግጠሚያ ዛሬ አዲሶቹ ካሜራዎቹ ላይ በአስማሚ ይሠራል። ካሜራው በአምስት ዓመት ያረጃል፤ ሌንሱ ለሚቀጥለው ካሜራ ይተርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግራችን ልግባ።

የካሜራ የብርሃን መለኪያ ዓለምን መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምታት። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት ፊቱ ስትቆም ነጩ ይበዛበትና «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ልብሱ አመድማ ይሆናል፤ ፊቷ ይጠቁራል። ጥምቀት ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ የሚነሱ ስንትና ስንት ፎቶዎች እንዲህ ናቸው! ከዚያ ጥፋቱ የካሜራው ይመስለንና ውድ ካሜራ እናልማለን። ውዱም ያው ነው የሚያደርገው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። መለኪያውን ነጥብ ላይ ብቻ እንዲለካ አድርጋችሁ ፊቷ ላይ ለኩ፤ ወይም በመደመርና መቀነስ ምልክቱ ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። እስከ የት? ካሜራው የነጣውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ አለው፤ እሱን አብሩት። ጥለቱና ሽመናው ብልጭ ማለት እስኪጀምር ጨምሩ፤ ከዚያ ትንሽ መልሱ። አንዴ ነጥቶ የጠፋን ሽመና የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም፤ የጠቆረን ፊት ግን በልክ ማንሳት ይቻላል።

ለማንሳት ደግሞ ሮው በሚባለው ፋይል አንሱ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው 256 ደረጃ ነው፤ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ጥላ ውስጥ የቀረን ፊት ስታነሱ ቆዳው የማይቦጫጨቀው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገቡት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ዓይን ሥር ጉድጓድ ትቆፍራለች። በረንዳ ሥር ወይም ዛፍ ጥላ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙራችሁ ብታቆሟቸው፣ አንድ ሰው ደግሞ ነጭ ጨርቅ ከታች ቢይዝላችሁ፣ በሺዎች ብር ከሚገዛ መብራት የማይተናነስ ታገኛላችሁ። ሙሽሮችን በስድስት ሰዓት ፀሐይ መናፈሻ ለመናፈሻ የሚያንከራትተውን ልማዳችንን ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ቢቀር ግን ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ሲቀር ነው ኤዲቲንጉ የሚመጣው። ላይትሩም ውስጥ ብርቱካናማውን ቀለም ብቻ የሚያፈካ ማንሸራተቻ አለ። የሰው ቆዳ፣ የኛም ቢሆን፣ በአብዛኛው የሚያርፈው ብርቱካናማው ላይ ነው። አንዴ ወደ ቀኝ ሲጎትቱት ሙሽራዋ ትፈካለች፤ ሁለት ጊዜ ሲጎትቱት አክስቷም አትለያትም። «ደንበኛው ነው እንዲህ የሚፈልገው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የሚፈልግ አለ። ግን ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው ያን የጠቆረና ያመደ ፊት ነው፤ ፊቷ መጀመሪያውኑ በትክክለኛ ብርሃን ቢነሳ ማንጣት ባላስፈለገ። የፎቶ ኢንዱስትሪውም ለቆዳችን ተጨንቆ አያውቅም። ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት ለፎቶ ቤቶች የሚልከው «ሸርሊ» የሚባል የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች። ጉግል ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ያሳያል ብሎ ስልክ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እነሱ እዚህ ለመድረስ ይህን ያህል ከቆዩ፣ እኛ በገዛ እጃችን ወደ ኋላ የምንጎትተው ለምንድን ነው? ፊት ማንሳት ካስፈለገ ፊቱን ብቻ በማስክ መርጣችሁ አንሱ፤ ከዚያ የሰውየውን እጅ እዩ። እጁና ፊቱ የሁለት ሰው ከመሰሉ አብዝታችኋል።

ሌላው የተለመደ ቅሬታ «ኮምፒውተሬ ላይ ፈክቶ ሲታተም ጨለመ» የሚል ነው። ማተሚያ ቤቱን ከመውቀሳችሁ በፊት የላፕቶፓችሁን ስክሪን እዩ። ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃኑን ጫፍ አድርሶ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ፎቶውን ሳያውቀው ያጨልመዋል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ገደማ አውርዱ፤ አልበሙ ከመታተሙ በፊት ሁለት ሦስት ገጽ ለሙከራ አሳትሙ።

ሶፍትዌሩስ? አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አዲሶቹን የፎቶሾፕ ስሪቶች በኪራይ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ። ይህ ለአብዛኛው ወጣት የተዘጋ በር ነው፤ ስለዚህ ክራክ የተደረገውን ከቴሌግራም ያወርዳል። ስብከት አልጀምርም። ግን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚልን ፋይል የደንበኞቻችሁ ፎቶ፣ የባንክ መተግበሪያችሁና ኢሜይላችሁ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ስትጭኑ የምትከፍሉት ዋጋ አለ። በሕግ ነፃ የሆኑ አሉ፦ ለሮው ፋይል ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ፣ ለሌላው ጂምፕ፣ ስልክ ላይ ደግሞ ስናፕሲድ። ዳርክቴብል መጀመሪያ ያደናግራል፤ አንድ ወር ትራገማላችሁ። በየሳምንቱ ስምንት መቶ ፎቶ የሚያወጣ ባለሙያ ከሆናችሁ ላይትሩም ጊዜ ይቆጥባል፤ ኪራዩን በዋጋችሁ ውስጥ አስልታችሁ ክፈሉ። ገና ለሚማር ግን ነፃዎቹ ከበቂ በላይ ናቸው።

የመጨረሻውና ብዙም የማይወራው ዲስክ ነው። የአንድ ሰርግ ፎቶ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ቤትም ቢሆን። ኮምፒውተሩና ሃርድ ዲስኩ አንድ ቦርሳ ውስጥ ካሉ ሌባው ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሜሞሪ ካርድ ስትገዙም ያለውን ከሁለት እጥፍ በላይ የሚዋሽ አለ፤ 128 ጊጋ የተጻፈበት ውስጡ 16 ሊሆን ይችላል። እስኪሞላ ቪዲዮ ቅዱበት፤ መጨረሻ ላይ የተቀዳው ከተከፈተ እሰየው።

ይህ የባለሙያው ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ስንቶቻችን በስልካችን አነሳን? ያ ፎቶ ዛሬ የት ነው? ለወዳጅ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ልከን ስልካችንን ከቀየርን የቀረን የተጨመቀው ነው፤ መጠኑ ቀንሷል፣ የተነሳበት ቀንና ሰዓትም ከፋይሉ ተፍቋል። ነገ አንዱ «ይህ የፒያሳ አይደለም» ቢል የሚከራከርልን ማስረጃ የለም። እንደ ፋይል ቢላክ ኖሮ እንዳለ ይደርስ ነበር። በአንጻሩ ጥንቃቄ የሚያሻው ሲሆን፣ ለምሳሌ የአንድን ሰው ቤት ወይም ችግር ያለበትን አካባቢ ስታነሱ፣ እንደ ፋይል መላክ የቦታውን መገኛ ጭምር አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል፤ ከማንሳታችሁ በፊት ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ሎኬሽኑን አጥፉ።

የፒያሳ፣ የካዛንቺስ ወይም የሌላ የፈረሰ ሰፈር ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያላችሁ ዛሬውኑ ዋናውን ፋይል ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ የፋይሉን ስም በቀኑና በቦታው ተኩት። ወደዚህ ቻናል ልትልኩልኝ የፈለጋችሁም እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩልኝ።