ዜማውን የጠየቀ ቁራሹንም ይጠይቅ

ሬዲዮኖቻችን ስለ መንፈሳዊ ዜማ እንግዳ ጋብዘው ሲያወጉ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ ይሄዳል። ቅዱስ ያሬድ ይነሣል፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይዘረዘራሉ፣ ወረብ ይሰማል፣ ሰዓቱ ያልቃል። ድህነትና ፍትሕ የሚነሡት በሌላ ቀን፣ በሌላ ዝግጅት ነው። እኔ ግን የሁለቱ ጥያቄዎች ቦታ አንድ ማይክሮፎን ፊት ነው እላለሁ። ለዚህም ከደቡብ ጎንደሩ ጋይንት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከንፋስ መውጫ ዙሪያ እስከ ስማዳና እስቴ ያለው አገር የዜማ አገር ነው። የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም ጋይንት ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም እዚያው። ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር ከሚባሉት የአዜማም ስልቶች ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከደቡብ ጎንደር ደብሮች ነው። አዲስ አበባ ላይ በጥምቀት የምንሰማው ማሕሌት ሥሩ ያለው እዚህ ደጋ ላይ፣ ከየኔታ እግር ሥር በተደረደሩ ጎጆዎች ውስጥ ነው። ጎጆዎቹን የሚያኖረው ደግሞ ተማሪዎቹ ለምነው በአኩፋዳ የሚሰበስቡት ቁራሽ ነው። ቁራሹን የሚሰጠው ማን ነው? የምግብ እጥረት ያለባቸውን ለመርዳት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኙበታል። እንግዲህ የአገሪቱን ትልቅ የዜማ ቅርስ ተሸክሞ የኖረው፣ የራሱ ጎተራ ክረምቱን የማያሻግርለት ገበሬ ጭምር ነው። ይህን ሳይጠይቅ ስለ ድጓ ያወራ ጋዜጠኛ፣ የድጓን ታሪክ ግማሹን ትቶታል።

ዜማ፣ እምነትና ፍትሕ በአንድ ሰው ሕይወት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሳይተውናል። ጎንደር ላይ የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትንና ለምነው የሚማሩትን ልጆች አዩ፤ በፒያኖአቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች የታሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ጋዜጠኛ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዳ ስለ እርሳቸው ሙሉ ዝግጅት ሠራች። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ጎንደር ላይ ያዩአቸው ዓይነት ልጆች ግን ዛሬም በየደብሩ ደጅ አሉ።

መቃወሚያ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከሁሉም የሚከብደው፣ ልመናው ራሱ ትምህርት ነው፣ ትሕትናን ያስተምራል፣ የድህነት ጉዳይ ማድረግ ክብሩን መንካት ነው የሚለው ነው። እውነት አለበት። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ የወጣው መርጦ ነው። የገበሬው ማጣት ግን ምርጫ አይደለም፤ የታመመ ተማሪ ሐኪም ማጣቱም ሥርዓተ ትምህርት አይደለም። አስተዋይ ጠያቂ ሁለቱን ለይቶ ማውጣት ይችላል። የአድማጭ ትዕግሥት አይበቃም የሚሉም አሉ። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍኤም 102.1 በ«የጨዋታ እንግዳ» የአንድን ሰው ሕይወት ሳምንታት ወስዳ ስታስተርክ አድማጭ አልሸሻትም፤ ሰው የሚሰለቸው ርዝመት ሳይሆን ባዶነት ነው።

በጦርነትና በመከራ መካከል የዜማ ወሬ ምን ይሠራል ለሚለው፣ መልሴ ንፋስ መውጫ ራሷ ናት። ከተማዋ በዓለም ዜና የተሰማችው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥቃት ነው፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሕወሓት ተዋጊዎች ተደፈርን ያሉ 16 ሴቶችን ቃል አወጣ። ያ ምስክርነት መነገር ነበረበት። ነገር ግን አንዲት ሴት በዓለም ፊት የምትታወቀው በደረሰባት ግፍ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሌላ በደል ነው። በምን ጸሎት እንደጸናች፣ ወፍጮዋ ላይ ምን እንደምታንጎራጉር፣ ፍትሕ የምትለው ምን እንደሆነ፣ ልትናገር ከፈቀደች፣ መጠየቅ ይገባታል። ቁስሏን ሳይቆሰቁሱ ሰውነቷን ሙሉ አድርጎ የሚያሰማ ጨዋታ ከዜና የሚያንስ አይደለም።

ስለዚህ ወደ ጋይንት የሚወጣ ጋዜጠኛ ከየኔታ ጋር ሲጨርስ መሣሪያውን አይጠቅልል። ከጉባኤ ቤቱ ማዶ ያለች እናት ቤት ጎራ ይበል። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ በራፏ ላይ ስትሰማ፣ ሌማቷ ባዶ በነበረበት ዓመት ምን ብላ እንደመለሰችለት ይጠይቃት፤ መልሷንም ሳያቋርጥ ይቅዳ።