መስኮቱ ብዙ ለሚቀመጠው ይሰጥ

ሥራዬ ኦዲት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው እየዞርኩ ሰው ቢሮ እቀመጣለሁ። ቦሌም ልሂድ መገናኛ፣ ሜክሲኮም ልሂድ ካዛንቺስ፣ በአዳዲሶቹ ፎቆች የማየው የቦታ ድልድል አንድ ዓይነት ነው። የኃላፊዎቹ ክፍሎች በጂፕሰም ተከልለው መስኮቱን ይይዛሉ። የሂሳብ ሠራተኞቹ፣ ገንዘብ ያዧና የመዝገብ ቤቱ ሰው ግን መሃል ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አምፖል ሥር ይውላሉ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲሄድ ክፍሉ ይቆለፋል፤ ብርሃኑም አብሮ ይቆለፋል።

ይህ ድልድል መቀየር አለበት። መስኮት የማዕረግ ምልክት መሆኑ ይቅርና ወንበሩ ላይ ረጅም ሰዓት ለሚውለው ሰው ይሰጥ።

የሂሳብ ሥራ ዓይን ይፈጃል። የደበዘዘ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ፣ ሦስተኛ የካርቦን ቅጂ፣ ማኅተም ያረፈበት ቀን፣ እነዚህ ሁሉ በአምፖል አሳስተው የሚያስነብቡ ናቸው፤ መስኮት ዳር ሲወሰዱ ቁጥሩ ይለያል። በአውሮፓ ለቢሮ ጠረጴዛ የተለመደው የብርሃን መጠን 500 ሉክስ ነው። ደጅ ግን ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ 10,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ ወደ 100,000 ይጠጋል።

ጉዳዩ በማየት ብቻ አያበቃም። ዓይናችን ውስጥ ቀኑን ከሌሊቱ ለይተው ለአንጎል የሚነግሩ ሕዋሳት አሉ። ቀን በቂ ብርሃን ያገኘ ሰው በሥራው ላይ ንቁ ይሆናል፤ ሲመሽም እንቅልፉ በጊዜው ይመጣለታል። ይህ የሰውነት ሰዓት የሚሠራበትን መንገድ የደረሱበት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የአውሮፓ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ የሥራ ቦታዎች በተቻለ መጠን በቂ የተፈጥሮ ብርሃን እንዲያገኙ አዟል። ክረምታቸው ጨለማ የሆነ አገሮች ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ቀን ያላት አዲስ አበባ ሠራተኛዋን በእኩለ ቀን አምፖል ሥር ማስቀመጧ ያሳዝነኛል። መብራት ሲጠፋማ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ መሃል ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

«ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያንጸባርቃል» የሚሉኝ ኃላፊዎች አሉ። እውነት አላቸው፤ በተለይ ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። ስለዚህ መጋረጃው ይዘጋል፣ መብራቱ ይበራል። ግን መፍትሔ አለው። ጠረጴዛው ጎኑን ለመስኮቱ ከሰጠ ነጸብራቁ ይቀንሳል። ጥላው ከመስታወቱ ውጭ ከተሠራ ሙቀቱ ሳይገባ ይመለሳል፤ የውስጥ መጋረጃ ግን የሚከላከለው ከገባ በኋላ ነው። አዲስ የሚገነባም ትልልቆቹን መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያድርግ፤ በእኛ አገር ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ አናት ስለምትጠጋ በእነዚህ አቅጣጫዎች አጭር ክፈፍ ይበቃታል።

ምስጢር የሚወራበት ቦታ ያስፈልጋል የሚለውንም እቀበላለሁ። የስብሰባ ክፍሉ መሃል ይሁን፤ ሰው እዚያ የሚቀመጠው ለአንድና ለሁለት ሰዓት ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱና የሰርቨሩ ክፍልም መስኮት አይፈልጉም። የኃላፊው ክፍል ዳር መሆኑ ግድ ከሆነ ደግሞ ክፍልፋዩ ከወገብ በላይ መስታወት ይሁንና ብርሃኑ ወደ መሃል ይለፍ።

ቢሮ ልትከራዩ የተዘጋጃችሁ ባለ ድርጅቶች፣ ጂፕሰሙ ከመቆሙ በፊት አንድ ወረቀት አውጡ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ስንት ሰዓት ወንበሩ ላይ እንደሚውል ጻፉ፤ መስኮቱንም ብዙ ከሚቀመጠው ጀምራችሁ አከፋፍሉ። ለዚህ የሚወጣ ተጨማሪ ኪራይ የለም፤ የሚጠይቀው የኃላፊውን ፈቃድ ብቻ ነው።