የተሽከርካሪ ዛቢያ ስህተት ካልተለካ የማሽኑ ትክክለኛነት አይረጋገጥም

እንደ አውሮፕላን ሞተርና ተርባይን ክፍሎች ያሉ ውስብስብ ቅርጽ ያላቸው ምርቶች በአሁኑ ወቅት በአብዛኛው የሚሠሩት በኮምፒውተር በሚመሩ ባለ አምስት ዛቢያ የብረታ ብረት መቁረጫ ማሽኖች ነው። ማሽኖቹ በሦስት ቀጥተኛ አቅጣጫዎች ከመንቀሳቀሳቸው በተጨማሪ ሁለት ተሽከርካሪ ዛቢያዎች ስላሏቸው ዕቃውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ ከተለያየ ጎን ለመቁረጥ ያስችላሉ። ይሁንና ይኸው ጥቅም የራሱን ችግር አስከትሏል።

አንድ ዛቢያ በሚዞርበት ጊዜ ስድስት ዓይነት የእንቅስቃሴ ስህተቶች ይታዩበታል። ሦስቱ በሦስት አቅጣጫዎች ከመንሸራተት፣ ሁለቱ ከመዘንበል፣ አንዱ ደግሞ ከታዘዘው ማዕዘን ከማነስ ወይም ከማለፍ የሚመጡ ናቸው። ከዚህም ሌላ ዛቢያው ከመነሻው ሲገጠም ከትክክለኛ ቦታው ወይም አቅጣጫው ዝንፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

የማዕዘን ስህተት ከመሐሉ በተራቀ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል። የአንድ ዲግሪ 360ኛ እጅ የሆነ ስህተት ከመሐሉ 500 ሚሊ ሜትር በሚርቅ ቦታ ላይ ወደ 24 ማይክሮን የሚደርስ መዛነፍ ያስከትላል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ቢሆንም ልኩ በጥቂት ማይክሮኖች ለሚወሰን ምርት ይህ መጠን ዕቃውን ለውድቅነት የሚዳርግ ነው።

ችግሩን ለመለካት ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ በአሜሪካ ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበሩት ጂም ብራያን እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋወቁት በሁለት ጫፎቹ ኳስ ያለው፣ የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ አር-ቴስት የተሰኘው ዘዴ ከስዊዘርላንድ ዙሪክ ይፋ ሆኗል። በዚህ ዘዴ ጠረጴዛው ሲዞር በማሽኑ ራስ ላይ የተገጠመው ኳስ አብሮ እንዲከተል ይደረጋል፤ የኳሱ መዛነፍም በሦስት አቅጣጫዎች በአንድ ጊዜ ይመዘገባል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2006 የተሽከርካሪ ዛቢያዎችን መፈተሻ ደረጃ አውጥቷል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ መኖሩ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ኳሱ የሚከተለው በቀጥተኛ ዛቢያዎች አማካኝነት በመሆኑ የእነርሱ ስህተት አስቀድሞ ካልታወቀ የአንዱ ጥፋት በሌላው ይላከካል። የሙቀት ለውጥም ውጤቱን ያዛባል፤ አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 11 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። በተመሳሳይ ሁኔታ የሚደጋገምን ስህተት በኮምፒውተር ማካካስ ቢቻልም፣ በልቅነትና በመላላት ምክንያት በየጊዜው የሚለዋወጠውን ግን ጥገና እንጂ ፕሮግራም አያስተካክለውም።

እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ዘመናዊ ማሽኖችን ከውጭ የሚያስገቡ አገሮች ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። ማሽኑ ከፋብሪካው ሲወጣ የተሰጠው የፍተሻ ውጤት ተጓጉዞ፣ በአዲስ መሠረት ላይ ተተክሎና ለዓመታት ሠርቶ ያለበትን ሁኔታ አያሳይም። በመሆኑም በርክክብ ወቅትና ከዚያም በኋላ በየጊዜው መለካት የግዥው አካል ተደርጎ ሊያዝ ይገባል። ይህ ካልሆነ ስህተቱ የሚታወቀው በተበላሸው ምርት ላይ ሲሆን ኪሳራውም የሚወድቀው በአምራቹ ላይ ነው።